አምስተኛው ረድፍ

ጥቅምት 7

ገና ሳትመረቂ ዶክተር እያልኩ ለምጠራሽ የእህቴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ጉልበቴን አሞኛል ትላለች፤ ሐኪሙ ምንም የለሽም ይላታል። እሷ ከሐኪሙ ይልቅ ጉልበቷን ታምናለች። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ አትክልተኛ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ ከዲኑም ከአዲሱ ቤተ መጻሕፍትም ቀድሜ የገባሁ ሰው ነኝ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ ቱቦው ተከፍቷል። ከሴቶች ማደሪያ ላውንደሪ እየወጣ በከንቱ ወደ ቦይ ይፈስ የነበረው ውኃ፣ አሁን አንቺ እንዳሳየሽን በጠጠሩና በአሸዋው ተጣርቶ ከማደሪያው ጀርባ ወዳለው ባዶ መሬት ይወርዳል። ስልሳዎቹም ችግኞች ተተክለዋል። አምስት ረድፍ ናቸው፤ በየረድፉ አራት ሎሚ፣ አራት ሮማን፣ አራት ወይራ። የመጨረሻው ረድፍ ከግንቡ ሥር ነው። ቁመታቸውን ለክቼ ቅጹን ሞልቼ ፈርሜበታለሁ። በስልክ አልቀበልም፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው የምፈልገው ካልሽ ምን ይደረጋል፤ በስተርጅና ደብዳቤ ጸሐፊ አደረግሽኝ።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ ደግሞ መልሱ አልነካውም ነው። የችግኝ ጣቢያው ንጹሕ ውኃ ለእነዚህ ስልሳዎቹ አይከፈትም። አንዴ ነግረሽኛል፣ ይበቃል። እኔ አንቺን ያሳደግሁ ሰው ስልሳ ችግኝ ያቅተኛል?

ያስቸገረችኝ የላውንደሪዋ ኃላፊ ብቻ ናት። "ውኃው የእኔ ነው" እያለች መንገደኛውን ሁሉ ጎትታ ታስጎበኛለች። ትናንት ፖስታ ያመጣውን ሰውዬ ሳይቀር ስታስጎበኘው አየኋት።

አጎትሽ


ኅዳር 4

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ለአንተም ለአክስቴም ለጉልበቷም ይድረስ። ቅጹ ደርሶኛል፤ ጽሑፍህ ከአማካሪዬ ጽሑፍ ይሻላል።

ምነው ይህን ያህል ጨነቀሽ ላልከኝ፣ እውነትህን ነው፣ ጨንቆኛል። እነዚያ ስልሳ ችግኞች የዶክትሬት ጥናቴ ግማሽ ናቸው። መጋቢት ላይ ጥናቴን በፈታኞች ፊት አቀርባለሁ፤ በዚያው ወር የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ተሰብስቦ ይወስናል። ችግኞቹ በጋውን በላውንደሪ ውኃ ብቻ ካለፉ በዘጠኙም ማደሪያዎች ጀርባ ይተከላል፤ ያን ሁሉ ውኃ ቦይ ውስጥ መድፋት ይቀራል። ካላለፉ ደግሞ አላለፉም፤ እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው። ስለዚህ ቢሞቱ አልቀየምህም። ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው፤ ቢሞቱ አልቀየምህም።

አንድ ልመና አለኝ። እዚያ የማስተምረውን የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ከውጭ አገር እስክመለስ የያዘልኝ ባልደረባዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማሳው ያመጣቸዋል። እባክህ አስረዳቸው። ከመጽሐፍ የማያገኙት ብዙ ነገር አንተ ዘንድ አለ።

የእህትህ ልጅ


ጥር 8

ለዶክተሯ፣

የታኅሣሡን ቅጽ ያለ ደብዳቤ በመላኬ ታዝበሽኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር። ሥራ እንኳ አልበዛብኝም፤ እንዲሁ ነው።

ዘንድሮ ፀሐይዋ ጉድ ናት። ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም፤ የግቢው ሣር ሁሉ ነዷል። ተማሪዎችሽ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው። አንዳንዱ ግን አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ ሲጠፋው ሳይ ይህ ልጅ እንዴት እዚህ ደረሰ እላለሁ።

በፈተና ሳምንት የላውንደሪው ውኃ ይቀንሳል ወይ ላልሽው፣ ይቀንሳል። ፈተና ሲደርስ ልብሱን የሚያጥብ ተማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም በአንድ ሹራብ ነው የሚያጠናው። በኅዳሩ ፈተና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማሽኖቹ ዝም አሉ፤ ኃላፊዋ መሃላቸው ተቀምጣ ጋዜጣ አነበበች፤ ቱቦውም ደረቀ ማለት ይቻላል። ችግኞቹ ግን አልፈውታል። ደህና ናቸው።

አምስተኛው ረድፍ ብቻ ለምን ቀጨጨ ላልሽው፣ አሁን ብሶበታል፤ አራቱም ሎሚዎቹና አንድ ሮማን ሞተዋል። ምክንያቱ ግንቡ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውልና ሙቀቱን መልሶ በላያቸው ላይ ይለቀዋል። እጄን አስጠግቼ አይቸዋለሁ፤ ይፋጃል። የሌሎቹ አራት ረድፎች ቁመት ቅጹ ላይ አለልሽ። ሎሚዎቹ አንደኛ ናቸው።

በዚህ ይብቃኝ፤ አክስትሽ እየጠራችኝ ነው።

አጎትሽ


ጥር 28

ጋሼዬ፣

ትበያለሽ ወይ ላልከኝ፣ እበላለሁ፤ ይበርድሻል ወይ ላልከኝም፣ ይበርደኛል፤ ግን ዛሬ ብርዱ ትዝ አላለኝም። ቅጽህን ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ከስልሳ ሃምሳ አምስት! በእንዲህ ያለ በጋ፣ በሳሙና ውኃ!

ግንቡንም ጻፍኩት። ምዕራፍ አራት ላይ ሁለት ገጽ ሰጥቸዋለሁ። አማካሪዬ አንብቦ "አጎትሽ የሚገርም ዓይን አላቸው" አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝና ስለ አንተ ግማሽ ሰዓት አወራሁለት፤ ሰውዬው ሌላ ቀጠሮ እንደነበረው የገባኝ በኋላ ነው።

ለሴኔቱ የሚቀርበውም ዕቅድ አልቋል። ለዘጠኙ ማደሪያዎች ስድስት መቶ ችግኝ፣ ሁሉም ሎሚ። ከሮማኑም ከወይራውም በልጦ ያደገው እሱ ነው፤ ቁጥሩ የሚለው ይህንን ነው። አንተ ከአሁኑ ማፍላት ጀምር። ሰው ሁሉ የሚያይበት ጉዳይ ነውና አንድም እንዳይበላሽብን።

ምነው ድምፅህ ጠፋ? አክስቴን ስጠይቃት "እሱ ሰሞኑን ዝም ብሏል" አለችኝ። አንተና ዝምታ መቼ ተዋውቃችሁ ታውቃላችሁ? አሞህ ከሆነ ንገረኝ።

የእህትህ ልጅ


የካቲት 15

ልጄ፣

አላመመኝም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። አሁን ሳልተነፍስ ልጨርሰው።

ግንቡ አይደለም። ግንቡ ምስኪን ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖበት ነው። አምስተኛው ረድፍ የቀጨጨው የማጠጫ ጎማዬ ስላልደረሰው ነው።

በኅዳሩ ፈተና ቱቦው ሲደርቅ ሎሚዎቹ ቅጠላቸውን ጠቅልለው አየኋቸው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ የተጠማ ሳይ አጠጣለሁ። አንጀቴ አልችል አለ። የችግኝ ጣቢያውን ጎማ ጎትቼ አጠጣኋቸው። ዛሬ ብቻ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀንም ዛሬ ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ማለቱንም ተውኩት። ፈተናው አልፎ የላውንደሪው ውኃ ሲመለስ እንኳ ላቆም አልቻልኩም፤ በየሦስት ቀኑ፣ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ክፍል ሲገባ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ አጠጣሁ። ጎማው አራተኛው ረድፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ አልፎ አይደርስም።

ቅጹ ላይ የጻፍኩልሽ ቁመት ትክክል ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አልጨመርኩም። የዋሸሁሽ ስለ ውኃው ነው። ስለ ግንቡም።

ባለፈው ማክሰኞ የላውንደሪዋ ኃላፊ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። "እኔ እኮ ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያለሁ" አለችኝ፣ "እናታችሁ ባጠበችበት ውኃ ሎሚ በቀለ ብያቸዋለሁ።" ይህን ብላ ወደ ማሽኖቿ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ስድስት መቶው ሎሚ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ያ ሁሉ ሎሚ በዘጠኝ ማደሪያ ጀርባ ቆሞ ሲደርቅ ታየኝ። ሰው "የላውንደሪ ውኃ ድሮም አይሠራም" ብሎ ቱቦውን ሲነቅል፣ ያንቺም ስም አብሮ ሲነቀል ታየኝ። ያደረግሁት ካንቺ አስበልጬ ለሎሚ አዝኜ አይደለም። ወይም ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ። አሳፍሬሻለሁ።

ጎማውን ጠቅልዬ ለላውንደሪዋ ኃላፊ አስረክቤያታለሁ። ማሽን ክፍሏ ውስጥ ቆልፋበታለች። ከየካቲት 12 ወዲህ ንጹሕ ውኃ አልነካቸውም።

አጎትሽ


መጋቢት 2

ጋሼ፣

ዛሬ እንዴት ነህ አልልህም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ስታስለቅመኝ ከረምክ። ሁለት ገጽ ስለ ግንብ ጻፍኩ! ቢሞቱ አልቀየምህም ብዬህ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንብበው ብዬህ ነበር። አሁን ተቀይሜሃለሁ፤ በሞቱት ሳይሆን በዳኑት።

ለአማካሪዬ ዛሬውኑ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ጥናቱን የማቀርብበት ቀን ወደ ሰኔ እንዲገፋ ፈቀደልኝ። የተሰጠኝ የትምህርት ጊዜ በሰኔ ያበቃል። ያን ቀን ፈታኞቹ ካላመኑኝ ሌላ ዕድል የለኝም፤ አምስት ዓመቴን ትቼ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው።

መጋቢት 4

ከላይ ያለውን አልቀደድኩትም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። ግን ትናንት ቅጾችህን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸውና አንድ ነገር አየሁ።

አምስተኛው ረድፍ አልዋሸም። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ቆመዋል፤ አራቱም ወይራዎች፣ ሦስት ሮማኖች። ሎሚ አንድም የለም። ሎሚ የሳሙናውን ጨው አይችልም፤ ወይራና ሮማን ግን ቱቦው በደረቀበት በዚያ ዘጠኝ ቀን እንኳ አልወደቁም። ሴኔቱ ፊት ስድስት መቶ ሎሚ ይዤ ልቀርብ ነበር! የአርባ ስምንቱን ቁጥር ያንተ ርኅራኄ ወስዶታል። አሥራ ሁለቱ ግን የእኔ ናቸው፤ ጥናት ማለት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። እስከ ሰኔ አምስቱም ረድፎች ከላውንደሪው ውኃ በቀር ምንም አይቀምሱም። ሎሚዎቹ ይሞታሉ፤ ቆመህ ታያቸዋለህ፣ የሞቱበትን ቀን ትጽፋለህ። ሴኔቱ ግን በቀጠሮው ይሰበሰባል፤ እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ እዚያ ነህ። የሆነውን ሁሉ አንተው ትነግራቸዋለህ። ልቀጣህ ብዬ አይደለም። ያን መሬት ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

አክስቴን ሳምልኝ። አንተን ሌላ ጊዜ እስምሃለሁ።

የእህትህ ልጅ


መጋቢት 26

ልጄ፣

ከረባት አሰርክ ወይ ላልሽኝ፣ አክስትሽ አሰረችልኝ፤ ልታንቀኝ ምንም አልቀራትም።

ሃያ ሦስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዕቅድሽ ከፊታቸው አለ፤ ሎሚ የሚለው ተሰርዞ ወይራና ሮማን ተብሏል። ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ያዝኩና ከፈተናው ሳምንት ጀምሬ እስከ ማክሰኞው ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀ። ዲኑ አልሳቁም። "ታዲያ አንዴ ካታለሉን በኋላ ይህን አዲሱን ለምን እናምንዎታለን?" አሉኝ።

የሚገባ ጥያቄ ነው። "እኔን አትመኑኝ" አልኳቸው፣ "መሬቱ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ወጥታችሁ እዩት። እኔ ዋሽቻለሁ፤ ወይራውን ግን ማን ያስዋሸዋል?"

ወጡልሽ! ሃያ ሦስቱም ከነሱፋቸው ከማደሪያው ጀርባ ተሰለፉ። አራት ረድፍ ለምለም አዩ፤ ከዚያ ከግንቡ ሥር ያሉትን ቀጫጮች አዩ። ዲኑ ጎንበስ ብለው አንዷን ወይራ ቅርንጫፏን ይዘው ሳብ አደረጓት። ንቅንቅ አላለችም። የላውንደሪዋ ኃላፊ ሳትጠራ መጥታ ነበር። "እሷን ያበቀላት የእኔ ውኃ ብቻ ነው፣ ይችን ማንም አልነካብኝም" አለች። ድምጿን ብትሰሚው!

ውሳኔው ይኸውልሽ። አሁን በሁለት ማደሪያ ይጀመራል፤ ወይራና ሮማን ብቻ። ሰባቱ የሚቀጥሉት ጥናትሽ ሰኔ ላይ ካለፈ ነው። ለሐሙስ ተማሪዎችሽም ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ትምህርቱን የምጀምረው እንዴት እንዳጭበረበርኩ በመናገር ነው፤ ድሮ የሚያንቀላፉት ሁሉ ነቅተዋል።

አሁንስ ልትስሚኝ ትችያለሽ?

አጎትሽ


ግንቦት 11

ልጄ፣

እርግጠኛ ነህ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እርግጠኛ ነኝ። ከአሥራ ስድስቱ ሎሚ አሥራ አንዱ ሞቷል፤ ሁሉንም ቀናቸውን ጽፌያለሁ። በአራቱ ረድፎች ካሉት ወይራዎች አንድ እንኳ አልሞተም፤ ከሮማኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ቆሞ ማየት ከባድ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መቆፈር ይሻለኛል። ግን ለመድኩት፤ እጄን ኪሴ ውስጥ እከትና አያለሁ።

አንድ ነገር አለ። ልንገርሽ ወይ አልንገርሽ ብዬ አንድ ቀን አሰብኩ።

ከትናንት ወዲያ ቀትር ላይ ማሳው ጥግ ተቀምጬ ነበር። የላውንደሪዋ ኃላፊ ከማሽን ክፍሏ ብቅ አለች። ጆግ ይዛለች፤ ግራ ቀኝ አየች። ያችን አስተያየት አውቃታለሁ፣ የራሴ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ጋ ደርሳ አንዷ ሎሚ ላይ መድፋት ስትጀምር "እንዴት ዋልሽ?" አልኳት። ጆጉ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

"ዛሬ ብቻ ነው" አለችኝ።

"እኔም በኅዳር እንዲሁ ነበር ያልኩት" አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። "እንዴት አስችሎህ ታያቸዋለህ? በየቀኑ በመስኮት ሳያቸው አቃተኝ" አለችኝ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እኔም አላፌዝኩባትም። ከዚያ "ግማሽ ጆግ ናት፤ ሁለታችን ብቻ ነን ያየነው፤ ለልጅቷ አትጻፍባት" አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ልቤ ያለኝ እሱን ነው። ያን ሁሉ ጣጣ አልፈን፣ ሰኔ ደጃፍ ላይ ቆመን፣ ለግማሽ ጆግ ብለን ለፈታኞቹ ጅራፍ እናቀብላለን?

ጻፍኩት። ቅጹ ላይ ታገኚዋለሽ፦ "ሦስተኛ ረድፍ፣ ሎሚ ቁጥር ሁለት፣ ግንቦት 9 ቀን፣ ግማሽ ጆግ ንጹሕ ውኃ ጠጥታለች።" ኃላፊዋ ተቆጥታ ብዕሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ትሰርዘዋለች ብዬ ፈራሁ። ከሥሩ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

ምን እንደሚያደርጉሽ አላውቅም። ከጎዳሁሽ ግን በዚህኛው ይቅርታ አልጠይቅም።

አጎትሽ


ሰኔ 16

ጋሼ፣

አለፍኩ።

ዝርዝሩን ሳትሰማ ይህን ወረቀት እንደማታስቀምጠው አውቃለሁ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ስለ ጨው፣ ስለ አፈር፣ ስለ አሸዋው ጠየቁኝ፤ እነሱን አልፈራሁም። ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ቅጾችህን ሁሉ ከፊታቸው ደርድረው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው የሞላውን ቅጽ ለምን ልመን?" አሉኝ። ዲናችን የጠየቁህን ጥያቄ ማለት ነው።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ገና አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡና ቆይ አሉኝ። የግንቦቱን ቅጽ ፈልገው አወጡ፤ ስለ ግማሽ ጆጉ የጻፍከውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ የኃላፊዋን ፊርማ ሳይቀር። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ግማሽ ጆግ ያልደበቀ ሰው ሌላ የሚደብቀው የለውም" ብለው ፈረሙ።

እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ለኃላፊዋ ንገርልኝ፤ ፊርማዋ እዚህ ድረስ መጥቶ ሠርቷል። ለዲኑም ጽፌላቸዋለሁ፤ ሰባቱ ማደሪያዎች ከክረምቱ በፊት ጉድጓዳቸው መቆፈር አለበት። አካፋውን ለተማሪዎቹ ስጣቸው፤ አያያዙን አሳያቸው።

ሐምሌ ሳይጋመስ እመጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የምታስተምረውን ክፍል ግን ለእኔ እንዳትመልስልኝ፤ ያንተ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ።

የእህትህ ልጅ